ከቁልቢ እስከ ጥምቀት፦ ልጆቻችን ለምን ይቀየሩብናል?

ታህሳስ የድሬዳዋ፣ የድሬያችን ምርጥ ወር ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ጋብ ይላል፣ ማታ ደጅ መቀመጥ ያምራል፣ ከተማው ደግሞ በእንግዳ ይሞላል። ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። አሥር ቀን ቆይቶ ገና። ከዚያ ጥር 11 ጥምቀት። በ22 ቀን ውስጥ ሦስት ትልልቅ በዓል ማለት ነው። ለእኛ ለትልልቆቹ ድካም ያለበት ደስታ ነው፣ እንወደዋለን። ልጆቹ ላይ የሚያመጣው ግን ሌላ ነው፣ ዛሬ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ቤቴም ልጆች አሉ። በዚህ ሰሞን ወላጆች የሚነግሩኝ ነገር በየዓመቱ ይመሳሰላል። «ጨዋ ልጅ ነበረች፣ አሁን ምን እንደነካት አላውቅም።» «ትልቅ ልጅ ሆኖ አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ።» «ሆዴን ይላል፣ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፣ ምንም የለበትም አሉኝ።» «እህቱን ይነክሳል።» «ከቀሚሴ አትላቀቅም፣ ሽንት ቤት እንኳን ብቻዬን መግባት አልቻልኩም።» ከዚያ ብዙው ወላጅ ተመሳሳይ ነገር ይላል፤ ሰው ሲያይ ይብስበታል፣ ዘመድ አሞላቀቀው፣ ባለገ።

እኔ በዚህ አልስማማም። በበዓል ሰሞን የሚቀየር ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የባለገ ልጅ አይደለም፣ ቤቱ የተቀየረበት ልጅ ነው።

እስቲ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ በዚህ ሰሞን የሚደርስበትን አስቡት። አልጋው ለአክስቱ ተሰጠ፣ እሱ ሳሎን ፍራሽ ላይ ከአጎቱ ልጆች ጋር ተደረደረ። እናቱ ከሽንኩርትና ከድስት አልላቀቅ ብላለች፣ ሲጠጋት «ወዲያ በል፣ ዘይት ይፈናጠርብሃል» ይባላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይበላ የነበረው እራት አራት ሰዓት ገባ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። የማያውቀው ሰውዬ ጉንጩን ቆንጥጦ «አታውቀኝም እንዴ? ጨቅላ ሆነህ ያቀፍኩህ እኔ ነኝ እኮ» ይለዋል። መጫወቻውን ሌላ ልጅ ወስዶ ሰበረበት፣ ሲያለቅስ «እንግዳ ነው፣ ተወው» ተባለ። ይሄ ሁሉ ሲሆን ምን ሊመጣ እንደሆነ፣ መቼስ እንደሚያልቅ ማንም አልነገረውም። ትልቅ ሰውም እንዲህ ቢደረግ ይነጫነጫል። ልጅ ደግሞ «ተጨናንቄያለሁ» ብሎ መናገር ገና አልቻለበትም። ስለዚህ ይነክሳል፣ ይሸናል፣ ሆዱን ያመዋል።

ሆዴን አመመኝ ሲል ውሸቱን አይደለም፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ። ጭንቀት የልጅን ሆድ በእውነት ያማል። ራሱንም ያመዋል። ሐኪም ምንም አላገኘሁም ቢል ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ በገና ሌላም ምክንያት አለ። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ ነው፣ ልጁ ራሱ ባይጾም እንኳ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሽሮና ምስር ስለሆነ እሱን ለምዷል፣ ከዚያ ባንዴ ዶሮ ወጥ በቅቤ፣ ክትፎ፣ ጥብስ ሲከመርበት ሆዱ ቢቃወም አይገርምም። በትንሽ በትንሹ አስጀምሩት።

ከሁሉ በፊት የምለው ይሄን ነው። በዓሉ ሌላውን ሁሉ ያተራምሰው፣ ሁለት ነገር ግን አይንካ፤ የልጁን እንቅልፍና የልጁን ሰው።

እንቅልፍ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ሸለብታ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት። አሁን ቤታችሁን አስቡ። ዘመድ ተሰብስቦ ጨዋታው ደርቷል፣ ልጁ እኩለ ሌሊት ሶፋ ላይ ወደቀ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ድስት ሲንኳኳ ተነሳ። ስድስት ሰዓት ነው የተኛው። በማግስቱ የምትቆጡት ልጅ ያልተኛ ልጅ ነው። ስለዚህ እንግዳ ኖረም አልኖረም በተለመደው ሰዓቱ አስተኙት። ሳሎኑ ጫጫታ ከሆነ እናንተ የምትተኙበት ክፍል ይተኛ፣ በኋላ ታወጡታላችሁ። እንግዶች ደግሞ ይረዳሉ፣ «ልጆቹ የሚተኙበት ሰዓት ነው» ብሎ ለመናገር ማፈር አያስፈልግም።

የቀኑንም አትርሱ። ድሬ ከምሳ በኋላ ሱቁም ይዘጋል፣ ሰውም ጋደም ይላል፣ ልጆቻችን በዚህ ነው ያደጉት። በዓል ሲሆን ግን ከሰዓቱ የቡና ሰዓት ይሆንና ያቺ ዕረፍት ትቀራለች። አታስቀሯት። ለገና ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን የምትወስዱት ልጅ ካለ ደግሞ ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ አስተኝታችሁ ውሰዱት።

ይሄ በክርስቲያኑ ቤት ብቻ አይደለም። በረመዳን ክፍሌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉ ልጆች አሉኝ። አይጾሙም፣ ሕፃናት ናቸው፣ ግን ቤቱ ሌሊት ስለሚነቃ እነሱም ለስሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ ይነሳሉ። ለልጅ ያ ሰዓት ልዩ ነው፣ እንዳይከለከል እንኳን እወዳለሁ። ሁልጊዜ ከሚሆን ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ይሁንለት ነው የምለው። የዒድ ዋዜማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ልብሱ ተሰቅሏል፣ ጫማው ተገዝቷል፣ ጨረቃ ታየች አልታየች እየተባለ ይመሻል። ለትልቅ ሰው አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ምንም አይደለም። ነገ ነው ተብሎ ለጠበቀ ልጅ ግን «ከነገ ወዲያ ሆነ» ማለት ትልቅ ሐዘን ነው። ቀድማችሁ ሁለቱንም ንገሩት፤ «ጨረቃ ከታየች ነገ ነው፣ ካልታየች ከነገ ወዲያ። ነገ ካልሆነ አንተና እኔ ይሄን እናደርጋለን።» ያቺ «ይሄን እናደርጋለን» የምትለዋ ለቅሶውን ግማሽ ታቀለዋለች።

የልጁ ሰው ስል እናት፣ አባት፣ አያት፣ ማንም ይሁን፣ ሲጨንቀው የሚሮጥበትን ማለቴ ነው። በበዓል ሰሞን ያ ሰው ብዙ ጊዜ ማድቤት ነው ያለው። ማድቤት መቅረት አይቻልም፣ አውቃለሁ፣ የዶሮው ሽንኩርት ራሱን አያቁላላም። ግን ልጁን ወደ ሥራው አስገቡት። የተቀቀለ እንቁላል መላጥ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሆን ሥራ ነው። ቄጠማ ይጎዝጉዝ፣ ፈንድሻ በሳህን ያዙር። አጠገባችሁ ነው ያለው፣ ስለ እንቁላሉ እያወራችሁ ስለሌላውም ያወራል። ልጄ የከፋትን ነገር ሁሉ የምትነግረኝ ፊት ለፊት ቁጭ አድርጌ ስጠይቃት ሳይሆን እጇ ሥራ ሲይዝ ነው። ከዚያ በተረፈ ማታ ከመኝታ በፊት ሩብ ሰዓት የእሱ ብቻ ትሁን፤ ስልክም፣ ሰውም የሌለባት።

ቀድሞ መንገርን በተመለከተ ካርቶን ቆርጣችሁ ለየቀኑ አንድ ሳጥን ሥሩለት። የመኪና ሥዕል ያለበት ቀን አክስት የምትመጣበት ነው፣ የዶሮዋ ገና ነው፣ የቦርሳው ትምህርት ቤት ነው። ማን ይመጣል፣ የት ይተኛል፣ አልጋዬ መቼ ይመለሳል። «መቼ ይሄዳሉ» የሚለውንም ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ከእንግዶቹ ልጆች ጋር የተላመደ ልጅ ሲሄዱበትም ያዝናል፣ ያን ቀንም ይነጫነጫል።

ወደ ቁልቢ የምትሄዱ ደግሞ መንገዱን ንገሩት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቁልቢ ከ2000 ሜትር በላይ ነው። በሸሚዝ የተነሳ ልጅ እዚያ ደርሶ ይንቀጠቀጣል። የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ ብዙውን ልጅ ያስታውከዋል። ሆዱን ሞልታችሁ አታሳፍሩት፣ ቀለል ያለ ነገር ይብላ፣ ስልክ እያየ አይሂድ፣ ውጭ ውጭውን ይይ፣ ፌስታል በእጃችሁ ይሁን። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። የእናንተን ሙሉ ስም ይወቅ፤ ጠፍቶ ሲጠየቅ «እናቴ እማዬ ነው ስሟ» የሚል ልጅ ብዙ ነው። ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ክንዱ ላይ ጻፉበት። ከጠፋ እንዳይሮጥ፣ ባለበት እንዲቆም፣ ፖሊስ ወይም ልጅ የያዘች እናት እንዲጠራ ቤት እያላችሁ አለማምዱት። ይሄን ስታደርጉ የምታስፈሩት ሊመስላችሁ ይችላል። የሚያስፈራው ግን ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ ነው።

ስለ ስለት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁልቢ የስለት ቦታ ነው፣ ራስ መኮንን ራሳቸው ስለታቸውን ከአድዋ ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን በማሠራት እንዳደረሱ ይነገራል፣ ስንቱ እናት ደግሞ ልጇን ተስላ አግኝታለች። አንድ ዓመት ታህሳስ መጀመሪያ ላይ አንዱ ተማሪዬ ማልቀስ አመጣ። ጠዋት በር ላይ ያለቅሳል፣ ምሳ አይበላም፣ ያልለመደበትን ልጆች ይመታል። አንድ ቀን ጫማውን ሳስርለት ጎንበስ እንዳልኩ ጆሮዬ ላይ «እኔን ለገብርኤል ሊሰጡኝ ነው» አለኝ። ማን አለህ አልኩት። «እማዬ። የስለት ልጅ ነኝ። ወስዳ ልታደርሰኝ ነው።» እናቱ በደስታ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቶ ነው። እዚያ ትታው የምትመጣ መስሎታል። ያ ልጅ ስንት ቀን ይሄን ብቻውን ይዞ እንደዞረ አስቡት። እናቱ ስትሰማ ደነገጠች፣ ማታውኑ አቅፋ አስረዳችው፤ አብረን ሄደን፣ አመስግነን፣ አብረን እንመለሳለን። በማግስቱ ምሳውን በላ። ትልልቆች እርስ በርስ ስናወራ ልጆች አይሰሙም ብለን ማሰባችን ብዙ ያስከፍላቸዋል።

በጉስ? ስለበጉ ዝም ማለት አልችልም።

በዓሉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በግ ይገዛል፣ ግቢ ይታሰራል። ልጁ በጠዋት ተነስቶ ውሃ ይሰጠዋል፣ የካሮት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ ከጎረቤት ገረባ (የጫት ትራፊ) ሳይቀር ለቅሞ ያበላዋል። ጎረቤቴ ጋ የነበረው ሰውነቱ ነጭ፣ ራሱ ጥቁር የሆነው የሱማሌ በግ ነበር፤ ልጁ ጥቁሬ አለው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ መጀመሪያ እሱጋ ነው። ጆሮውን ያሻሸዋል፣ የተማረውን ያነብለታል። ከዚያ የበዓሉ ቀን ጥቁሬ ታረደ። ልጁን ራቅ ያደረገው የለም፣ የነገረውም የለም። አጎትየው እንደውም «ወንድ አይደለህ? እግሩን ያዝ!» አለው። ልጁ ያን ዕለት ስጋ አልነካም፣ ማታ እየጮኸ ነቃ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ግቢው ውስጥ ያ በግ የታሰረበት ጥግ አይደርስም ነበር።

በግ አይታረድ አልልም። እኔም አርዳለሁ። ግን በጉ ግቢ የገባ ዕለት እውነቱ ይነገር፤ «ይሄ በግ ለበዓል ነው የመጣው፣ በዓሉ ሲደርስ ይታረዳል፣ እስከዚያ ግን በደንብ እንንከባከበዋለን።» ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ እያየ «ወደ አገሩ ሄደ» አትበሉት። ማየት ካልፈለገ ጎረቤት ይሂድ፣ አያቱ ጋ ይሂድ። ካለቀሰ ያልቅስ። ስጋ አልበላም ካለ ሽሮ አይጠፋም። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ አረፋ ሲደርስ የምታደርገውን በጣም እወድላታለሁ። በእስልምና ቢላ በሚታረደው እንስሳ ፊት መሳል የተጠላ ነው። እሷ ታዲያ «በጉ ፊት ካልተሳለ ልጆቼ ፊትስ ለምን ይሳላል?» ትላለች። ቢላው ዋዜማውን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሳላል። ቀደም ብላ የነቢዩ ኢብራሂምን ታሪክ ትነግራቸዋለች፣ ስጋው ለማን ለማን እንደሚከፋፈል ታስረዳቸዋለች፣ በየቤቱ የሚያደርሱትም እነሱ ናቸው። የእሷ ልጆችም ያዝናሉ፣ ግን አይደነግጡም። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደኝ ግን የሚናፍቁት ሰው የሌለበት በዓል ነው። ከክፍሌ ልጆች መካከል እናታቸው ዓረብ አገር ያለች አይጠፉም። በበዓል ቀን በኢሞ ይደወላል። አያትየው ስልኩን ይዛ፣ አክስቶች ዙሪያዋን ከበው፣ «እማዬ ናት፣ አናግሪያት፣ ናፍቀሽኛል በያት!» ይላሉ። ልጅቷ ፊቷን ታዞራለች። እናቷ የላከችላትን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው እናት ፊቷ ይቀየራል። ከዘመዱ አንዱ ደግሞ «ምን አይነት ልጅ ናት፣ እናቷን ረሳች» ይላል። ከዚያ በኋላ ምሳ ላይ ውሃ ስለፈሰሰባት ብቻ አንድ ሰዓት ታለቅሳለች፣ ሰውም «ለውሃ ይሄን ያህል?» ብሎ ይገረማል።

አቦ፣ አልረሳችም። በሰው ፊት ማውጣት የማትችለው ናፍቆት ነው። በዓሉ ሳይደርስ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት ሰዓት አስደውሏት። የሠራችውን ሥዕል ታሳይ፣ አዲሱን ጫማ ታሳይ፣ «ናፍቀሽኛል በይ» አይባል። ዝም ብላ እናቷን ማየት ከፈለገችም ዝም ብላ ትይ። እናትየውም ዓረብ አገር ሆና ታንብብልኝ፤ ልጅሽ ዝም ያለችሽ ስለጠላችሽ አይደለም፣ አታቋርጪ፣ ነገም ደውይ። ልጅቷ ካለቀሰች እቀፏት እንጂ «እናትሽ እንዳታዝን ዝም በይ» አትበሏት። የእናቷን ስሜት መጠበቅ የስድስት ዓመት ልጅ ሥራ አይደለም።

ሞትም እንደዚያው ነው። በብዙ ቤት ለልጅ «አያትህ አዲስ አበባ ሄደዋል» ይባላል። በዓል ሲደርስ ልጁ በር በሩን ያያል፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ ሲመጣ አያቱ ለምን እንደቀሩበት አይገባውም። እውነቱን በቀላሉ ንገሩት፤ ሞተዋል፣ አይመለሱም፣ እኛም ናፍቀውናል። ድፎ ዳቦውን ይቆርሱ የነበሩት እሳቸው ከሆኑ ዘንድሮ ማን ይቁረስ ብላችሁ እሱንም ጠይቁት።

የመሳሳሙን ነገር በአጭሩ። ልጅ ሰው አልስምም ካለ በእጁ ሰላም ይበል፣ ይበቃል። እየተጎተተ የሚሳም ልጅ ሰውነቱ የራሱ እንዳልሆነ ነው የሚማረው፣ ያ ደግሞ ኋላ ጦሱ ብዙ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶችም ልጆቻችን ትልቅ ሰውን «አንተ» ሲሉ ሰምተው አትቆጡብን፣ እዚህ በፍቅር ነው፣ ልጁ ያልሠራውን ጥፋት አትቅጡት።

የብር ጉዳይም አለ። ዘንድሮ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ዘይቱ ስንት ገባ እያልን ስንጨነቅ ልጆች ይሰማሉ። አንዳንዱ ልጅ አዲስ ልብስ ካልተገዛልኝ ብሎ ይንደባለላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ምንም አልፈልግም ይላል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። የሚቻለውንና የማይቻለውን ቀደም ብላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ «ዘንድሮ ጫማ ብቻ ነው፣ ልብሱ ያምናው ይታጠባል። የምንበላው አለን፣ አታስብ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት።

ጣፋጩንስ? ሙሸበኩና ሐልዋው ነው ያሰከረው የሚል ወላጅ ሞልቷል። ጥርሱን ያበላሻል፣ ሆዱን ያውካል፣ ስለዚህ መጠን ይኑረው። ልጅን ያቅበጠብጣል የሚለው ግን አልተረጋገጠም፤ እንደ አውሮፓውያን በ1995 ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ያየ ጥናት ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደማይቀይር ነው ያገኘው። በጣፋጩ አታመካኙ፣ ጫጫታውንና እንቅልፍ ማጣቱን እዩ።

ታዲያ ልጁ እንግዳ ፊት ቢያብድብንስ? መጀመሪያ ከጫጫታው አውጡት፣ ጓሮም ይሁን መኝታ ቤት። ተንበርከኩና ዓይኑን እዩ። ብዙ አትናገሩ፣ በዚያ ሰዓት ምክር አይገባውም። «ተናደሃል፣ ጫጫታው በዛብህ፣ እዚሁ አለሁ» ይበቃል። ትንሽ ሲረጋ እጃችሁን እንደ ስኒ አድርጋችሁ «ቡናው ትኩስ ነው፣ ቀስ ብለህ እፍ በልልኝ» በሉት። ረጅም ትንፋሽ ማውጣት በእውነት ያረጋጋል፣ ለእሱ ግን ጨዋታ ነው። መንከሱና መምታቱ ግን ይከልከል፤ «ተናደህ መምታት አይቻልም» በሉት፣ እጁን ያዙ፣ አትምቱት። እንግዳው ፊት አንድ ኩርኩም አቅምሶ ዝም ማሰኘት ይቻላል፣ እሱ ግን ዝም ያለው ስለተረጋጋ አይደለም፣ ስለፈራና ስላፈረ ነው። አልጋ ላይ የሸና ልጅም በዘመድ ፊት አይነሳበት። አንሶላውን ዝም ብላችሁ ቀይሩ፣ ማታ ፈሳሽ ቀንሱለት፣ ሳይተኛ ሽንት ቤት ይሂድ። እንዲህ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ወደነበረበት ሲመለስ አብሮ ይሄዳል።

የማይሄድም አለ። በዓሉ አልፎ፣ እንግዳው ሄዶ፣ ሳምንታት ቆይቶም ልጁ ካልተመለሰ፣ መጫወት ካቆመ፣ ምግብ ከተወ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም መሞት እፈልጋለሁ ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። አንድ የተለየ ሰው ሲያይ ብቻ የሚደበቅ፣ የሚርድ ልጅ ካለም ለብቻ፣ ሳትጮሁ ጠይቁት፣ የሚላችሁንም እመኑት፣ ከዚያም ሰው ጋ ብቻውን አትተዉት። አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ጀምሮ፣ ውሃ አብዝቶ እየጠጣ፣ እየከሳ ከሆነ ደግሞ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ የስኳር በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይመርመር።

አሁን ጥምቀት አለፈ እንበል። ታቦቱ ገባ፣ ቃና ዘገሊላም ሆነ፣ እንግዳው ተሸኘ። በብዙ ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና በዚያው ሰሞን ነው። ጥር 13 ማታ ጀምሮ እንቅልፉን ወደ ቦታው መልሱት። ጠዋት በር ላይ ቢያለቅስ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፣ ሰነፍ አትበሉት። ከእኔ ከአስተማሪዋ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁን ስትልኩ በደብተሩ ሁለት መስመር ጻፉልኝ፤ እንግዳ በዝቶብን አልተኛም፣ እናቱ ደውላ ነበር፣ በጉ ታርዶበት አዝኗል፣ አያቱ ከሞቱ የመጀመሪያው በዓል ነው። ያን ካወቅኩ ያን ቀን ከፊት አስቀምጠዋለሁ፣ ሲያንቀላፋ አልቀሰቅሰውም፣ ጓደኛውን ቢገፋም ቀድሜ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ነው። መጻፍ ካልተመቻችሁ በር ላይ ጠብቁኝና በቃል ንገሩኝ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያው ነኝ።